አነስተኛ ኤርፖርት የረጅም ርቀት በረራ ማስተናገድ ይችላል? መንደርደሪያ፣ ክብደት፣ እሳት አደጋ፣ ነዳጅና ገበያ

ጥያቄ፦ «በአቅራቢያችን ያለው ኤርፖርት 2,200 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መንደርደሪያ አለው። አሁን የሚያስተናግደው ኤቲአር 72ንና ቦይንግ 737-800ን ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ቀጥታ በረራ ከዚህ ማስነሳት ይቻላል? መንደርደሪያውን ወደ 3,000 ሜትር ማራዘም ይበቃል?»

ምላሽ፦ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ለሚፈጅ በረራ፣ ባለ አንድ መተላለፊያ አውሮፕላን (እንደ 737 በወንበሮቹ መካከል አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው) ከተመረጠና መድረሻው የአየር መንገዱ ዋና ማዕከል ከሆነ፣ አዎ፣ ሊቻል ይችላል። አሥር ሰዓት ለሚበር፣ እንደ ቦይንግ 787 ላለ ባለ ሁለት መተላለፊያ አውሮፕላን ግን ከመንደርደሪያው በፊት የሚያሰናክሉ ብዙ ነገሮች አሉ። ማራዘሙ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዴ ጭራሽ የማያስፈልግበት ሁኔታም አለ።

ከክብደት እንነሳ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። የቦይንግ 787-9 ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 254 ቶን ነው። በዚህ ክብደት፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ለመነሳት ከ2,800 እስከ 2,900 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ያይና «2,200 አይበቃም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ነገር ግን አውሮፕላኑ 254 ቶን የሚደርሰው በጣም ሩቅ ሲሄድ ወይም ከሆዱ ብዙ ጭነት ሲይዝ ነው። የእርስዎን አሥር ሰዓት በግምት እናስላው። አውሮፕላኑ ከሠራተኞቹና ከመስተንግዶ ዕቃው ጋር፣ ያለ ነዳጅና ያለ መንገደኛ፣ ወደ 129 ቶን ይመዝናል። 290 መንገደኞች ከነሻንጣቸው በነፍስ ወከፍ 100 ኪሎ ቢታሰቡ 29 ቶን ናቸው። በሰዓት 5.5 ቶን ነዳጅ ይበላል ብንል ለአሥር ሰዓት 55 ቶን፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 7 ቶን። ድምሩ 220 ቶን። ከከፍተኛው 34 ቶን ያነሰ ነው፤ የሚፈልገው መንደርደሪያም በዚያው ልክ በብዙ መቶ ሜትር ያጥራል። ለስምንት ሰዓት ከሆነ ድምሩ 209 ቶን ይሆናል።

ስለዚህ ለአየር መንገድ የሚቀርበው ጥያቄ «787 እዚህ መነሳት ይችላል?» መሆን የለበትም። «ወደዚህ መድረሻ፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ሰዓት፣ ስንት ቶን ይዞ ይነሳል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ከላይ ያለው ስሌት ጭነት የለበትም። በብዙ የረጅም ርቀት መስመሮች ላይ ከመንገደኛው ወለል በታች የሚጫነው ዕቃ የበረራውን ትርፍና ኪሳራ የሚወስን ገቢ ነው። 15 ቶን ጭነት ሲጨመር 220 የነበረው 235 ይሆናል፤ መንደርደሪያው በእውነት የሚያጥረውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ከፍታንና ሙቀትን እንጨምር። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለኤርፖርት ዕቅድ የሚጠቀምበት ቀላል ደንብ አለ፦ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ 7 በመቶ ይጨመራል፤ ለዚያ ከፍታ ከተለመደው ሙቀት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 1 በመቶ፤ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የመንደርደሪያ ተዳፋት ደግሞ 10 በመቶ። በባሕር ጠለል 2,200 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን 900 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ 2,662 ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ከፍታ የተለመደው ሙቀት 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኤርፖርቱ ማጣቀሻ ሙቀት 30 ዲግሪ ከሆነ 21 በመቶ ገደማ ተጨምሮ 3,217 ሜትር ይደርሳል። መንደርደሪያው 0.5 በመቶ ካዘነበለ 3,380 ሜትር ገደማ ይሆናል። 2,200 የነበረው በሦስት መስመር ስሌት ከ1,100 ሜትር በላይ አደገ ማለት ነው። የከፍታውና የሙቀቱ ጭማሪ በድምር ከ35 በመቶ ካለፈ ደንቡ ራሱ «ከዚህ በኋላ እኔን አትመኑ፣ ለአውሮፕላኑ የተለየ ጥናት አድርጉ» ይላል። ከላይ ያለው ምሳሌ 46 በመቶ ስለሆነ እዚያው ውስጥ ይገባል።

ማጣቀሻ ሙቀት ሲባል የቀኑ አማካይ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። በዓመቱ በጣም ሞቃት በሆነው ወር የየቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ተወስዶ፣ የብዙ ዓመት አማካዩ ነው። ይህንን በዓመቱ አማካይ ሙቀት ተክተው የሚሠሩ ጥናቶች መንደርደሪያውን ከእውነቱ ያሳጥሩታል፤ ስህተቱ የሚገለጠው አየር መንገዱ የራሱን ስሌት ሲያመጣ ነው። በሌላ በኩል ሙቀቱ መፍትሔም ይሰጣል። በረራው ከቀትር ይልቅ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ቢነሳና ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢቀንስ፣ በዚሁ ደንብ መሠረት ከላይ ባለው ምሳሌ ከርዝመቱ ከ250 ሜትር በላይ ይቀነሳል። አንድ ሜትር አስፋልት ሳይነጠፍ የሚገኝ ትርፍ ነው።

መንደርደሪያው ካለቀ በኋላ ያለው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት ጎማውን ካስገባ በኋላ ቢያንስ በ2.4 በመቶ መውጣት መቻል አለበት። ለመሰናክል ስሌት ከዚህ ላይ 0.8 ተቀንሶ 1.6 በመቶ ብቻ ይያዛል፤ በዚያ መስመር ላይም መሰናክሉን ቢያንስ በ35 ጫማ፣ ማለትም በ10.7 ሜትር፣ ማለፍ አለበት። ጎማው እስኪገባ ያለውን ጊዜ ቸል ብንል እንኳ፣ በ3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ 48 ሜትር ገደማ የሚደርስ ኮረብታ ወይም አንቴና ክብደቱን መወሰን ይጀምራል። እንዲህ ያለ ኮረብታ ፊት ለፊት እያለ መንደርደሪያውን ወደ ኮረብታው አቅጣጫ ማራዘም ጥቅሙ ትንሽ ነው። ወደ ኋላ፣ ማለትም መነሻው በሚጀምርበት በኩል ማራዘም ግን አውሮፕላኑ ኮረብታው ጋ ሲደርስ ከፍ ብሎ እንዲገኝ ያደርጋል።

ማራዘሙን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ 3,000 ሜትር መንደርደሪያ 3,000 ሜትር መሬት ብቻ አይፈልግም። በየጫፉ 60 ሜትር ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ አውሮፕላን ቢያመልጥ የሚይዘው የመጨረሻ ጫፍ ደህንነት ስፍራ ያስፈልጋል። የዚህ ስፍራ ዝቅተኛው 90 ሜትር ሲሆን ለዚህ ዓይነት መንደርደሪያ የሚመከረው 240 ሜትር ነው። ሁለቱም ጫፎች ሲደመሩ 3,600 ሜትር መሬት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የተጨመረው ክፍል ለመነሻ ብቻ እንዲያገለግልና በዚያ በኩል የማረፊያው መጀመሪያ አሁን ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል። ያኔ የማረፊያ መብራቶቹንና የቁልቁለት መስመር የሚሰጠውን አንቴና ማዛወር አያስፈልግም፤ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ጫፍ ባሻገር የተተከለ የአቅጣጫ አንቴና (የሚያርፈውን አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መሀል መስመር ጋር የሚያስተካክል) ካለ ግን እሱ መነሳቱ አይቀርም።

ከለንደን ሲቲ ኤርፖርት የሚማሩት አለ። መንደርደሪያው 1,508 ሜትር ብቻ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ በረራ ጀመረ፤ በአነስተኛው ኤርባስ ኤ318፣ 32 መቀመጫ ብቻ አድርጎ። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለማይችል በአየርላንድ ሻነን አርፎ ነዳጅ ይቀዳ ነበር፤ በዚያው የመንገደኞቹ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ፍተሻ እዚያው ስለሚያልቅ የቆይታው ጊዜ በከንቱ አይጠፋም ነበር። ሲመለስ ያለ ማቋረጥ ይመጣ ነበር። መስመሩ እስከ 2020 ቆይቷል። አጭር መንደርደሪያ በቴክኒክ ማሸነፍ እንደሚቻል ያሳያል። ዋጋው ግን 32 መቀመጫ ነበር፤ ያንን ዋጋ የሚከፍል የፋይናንስ ባለሙያ ደግሞ እንደዚያ ከተማ በየቦታው አይገኝም።

ወደ አስፋልቱ ጥንካሬ እንለፍ። ከኅዳር 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠራበት መለኪያ ለአውሮፕላኑ ኤሲአር፣ ለመንደርደሪያው ፒሲአር ይባላል፤ የቀድሞዎቹ ኤሲኤንና ፒሲኤን ነበሩ። አዲሶቹ ቁጥሮች ከቀድሞዎቹ በአሥር እጥፍ ገደማ ስለሚበልጡ የድሮ ፒሲኤን ከአዲስ ኤሲአር ጋር ማወዳደር ከባድ ስህተት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ አራት ፊደላት ይመጣሉ፦ አስፋልት ወይስ ኮንክሪት፣ የሥሩ አፈር ጥንካሬ፣ የሚፈቀደው የጎማ ግፊት፣ እና ግምገማው እንዴት እንደተሠራ። በመጨረሻው ፊደል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቲ» ከሆነ በቴክኒክ ጥናት የተሰላ ነው። «ዩ» ከሆነ ግን «እስካሁን ያረፉት አውሮፕላኖች አላበላሹትም» ከማለት የዘለለ አይደለም። 737 አለማበላሸቱ ስለ 787 የሚናገረው የለም። በቀድሞው መለኪያ 737-800 በአስፋልት ላይ እንደ አፈሩ ከ40 እስከ 55 ሲሆን፣ ሙሉ ክብደት የያዘ 787-9 በጠንካራ አፈር ከ60 በላይ፣ በደካማ አፈር ከ100 በላይ ነበር። አልፎ አልፎ ከፒሲአሩ እስከ 10 በመቶ የሚበልጥ አውሮፕላን ማስተናገድ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የእነዚህ ጉዞዎች ብዛት ከዓመቱ እንቅስቃሴ 5 በመቶ ማለፍ የለበትም። ቋሚ መስመር በዚህ ቀዳዳ አይሠራም።

ሲበላሽ የት እንደሚበላሽም ማወቅ ይጠቅማል። መሀል መንደርደሪያው ላይ አውሮፕላኑ በፍጥነት ስለሚያልፍና ክንፉ ክብደቱን መሸከም ስለሚጀምር ጉዳቱ ትንሽ ነው። መጀመሪያ የሚሰምጠው አውሮፕላኑ ቆሞ የሚጠብቅበትና በዝግታ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፦ የመንደርደሪያው ጫፍ፣ የታክሲዌይ (በመንደርደሪያውና በማቆሚያው መካከል ያለው የአውሮፕላን መንገድ) መግቢያ፣ የማቆሚያው አፕሮን። በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ ከባድ አውሮፕላን የጎማ ጉድጓድ ይተዋል፤ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ወደ ሥሩ ይገባል። የፈሰሰ ነዳጅም አስፋልትን ያሟሟል። ስለዚህ መንደርደሪያው አስፋልት ቢሆንም የትልልቅ አውሮፕላን ማቆሚያውን በኮንክሪት መሥራት ይሻላል።

ታክሲዌዩ 15 ሜትር ስፋት ካለው፣ እንደ 737 ላሉት የተሠራ ነው። 787ን የመሰለ አውሮፕላን 23 ሜትር ይፈልጋል፤ ከነትከሻው 38 ሜትር። ምክንያቱ ጎማው ብቻ አይደለም። የ787 ሞተር ከአካሉ መሀል መስመር ወደ 10 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በ15 ሜትር ታክሲዌይ ላይ ሞተሩ ከሣሩ በላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ከሣሩ የሚስበው ጠጠር የሞተሩን ምላጮች ይጎዳል፤ የሞተሩ ጭስ ደግሞ አፈሩን ወደ መንደርደሪያው ይበትናል። የታክሲዌይ ጠርዝ ላይ ያለ መብራትም አይተርፍም። ትይዩ ታክሲዌይ ከሌለና አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ተመልሶ መዞር ካለበት፣ 45 ሜትሩ ለመዞሪያ ስለማይበቃ በጫፉ ላይ የመዞሪያ መስክ መጨመር ግድ ነው። የ787-9 ክንፍ 60 ሜትር ገደማ ነው፤ በማቆሚያው ላይ ከእያንዳንዱ ጎን 7.5 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሁለት የ737 ማቆሚያ ቦታ የሚበላ መሆኑን ከወዲሁ ማሰብ ይገባል።

እሳት አደጋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ሰዎች የሚፈሩት፣ ግን በደንቡ ውስጥ መተንፈሻ ያለው ጉዳይ ነው። የኤርፖርቱ የእሳት አደጋ ደረጃ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና በአካሉ ስፋት ነው። 737-800 ርዝመቱ 39.5 ሜትር ስለሆነ ደረጃ 7 ነው። ኤርባስ ኤ321 44.5 ሜትር፣ እሱም ደረጃ 7። 787-8 56.7 ሜትር፣ ደረጃ 8። 787-9፣ ኤ330-900 እና ኤ350-900 ከ61 ሜትር ስለሚያልፉ ደረጃ 9 ናቸው። ለደረጃ 7 መለኪያውን ያሟላ አረፋ የሚጠቀም ኤርፖርት 12,100 ሊትር ውኃና ሁለት ተሽከርካሪ ያስፈልገዋል። ለደረጃ 8፣ 18,200 ሊትርና ሦስት ተሽከርካሪ። ለደረጃ 9፣ 24,300 ሊትርና ሦስት ተሽከርካሪ። መተንፈሻው ይኸ ነው፦ በዓመቱ በጣም በተጨናነቁት ሦስት ተከታታይ ወራት የዚያ ደረጃ አውሮፕላኖች እንቅስቃሴ ከ700 በታች ከሆነ ኤርፖርቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መሥራት ይችላል። በቀን አንድ 787-9 ቢመጣ፣ ማረፍና መነሳቱ ተቆጥሮ በሦስት ወር 180 ገደማ ነው። ስለዚህ በደረጃ 8 ማስተናገድ ይቻላል። ደረጃ 7 ያለው ኤርፖርት ደግሞ ኤ321 ቢመጣለት ምንም መጨመር የለበትም።

ተሽከርካሪ ከመግዛት ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። የመጀመሪያው ተሽከርካሪ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከተቻለም በሁለት፣ የመንደርደሪያው ማንኛውም ጫፍ ደርሶ አረፋ መርጨት መጀመር አለበት። መንደርደሪያው በ800 ሜትር ሲረዝም የእሳት አደጋ ጣቢያው ቦታ ይህን ጊዜ ማሟላት ሊያቅተው ይችላል፤ ቀድሞ በመኪና ተለክቶ መረጋገጥ ያለበት ነው። ሌላው የሥራ ሰዓት ነው። የረጅም ርቀት በረራ አራት ሰዓት ሲዘገይ፣ የእሳት አደጋና የበረራ መቆጣጠሪያ ሠራተኛው ፈረቃ አልቆ ሊወጣ ይችላል። ደረጃው ዝቅ ካለ አውሮፕላኑ ማረፍ አይችልም፤ ስምንት ሰዓት በርሮ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። ለዘገየ በረራ ተጨማሪ ፈረቃ በውል ውስጥ ካልተያዘ አየር መንገዱ አይፈርምም።

ነዳጅ። አጭር በረራ የሚሠራ አየር መንገድ የመመለሻ ነዳጁን ከዋናው ኤርፖርት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ረጅም ርቀት ላይ ይህ አይቻልም። ከላይ ካሰላነው 62 ቶን ላይ ሲደርስ የሚተርፈው 6 ቶን ገደማ ቢቀነስ፣ በየበረራው 56 ቶን ይቀዳል። የአውሮፕላን ነዳጅ የሆነው ጄት ኤ-ዋን አንድ ሊትሩ 0.8 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይህ 70,000 ሊትር ነው። 35,000 ሊትር የሚይዝ የመንገድ ቦቴ ከሆነ በቀን ሁለት። መንገድ ቢዘጋ ለአምስት ቀን የሚበቃ ክምችት ለዚህ አንድ በረራ ብቻ 350,000 ሊትር ያህል ነው። የማከማቻ ታንከሮቹም ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፦ አንዱ የሚቀበል፣ አንዱ ነዳጁ ውኃና ቆሻሻው እስኪዘቅጥ የሚያርፍ፣ አንዱ የሚያወጣ። ሁለት ታንከር ብቻ ያለው ጣቢያ በችኮላ ያልጠለለ ነዳጅ ለማውጣት ይገፋፋል። አውሮፕላኑን የሚቀዳው መኪና 20,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ እየሄደ ሲሞላ አውሮፕላኑ ይጠብቃል። 787 በመሬት የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ስለሆነ በአንድ ትንሽ መኪና አይደርስም።

የመሬት መሣሪያውን ባጭሩ፦ የ787 ሻንጣና ጭነት በኮንቴይነር ስለሚገባ ኮንቴይነር የሚያነሳ ሎደርና መጎተቻ ጋሪዎች፤ ለከፍተኛው በር የሚደርስ ደረጃና የምግብ መኪና፤ ለአውሮፕላኑ የሚሆን ከባድ መግፊያ ትራክተርና ለዚያው ዓይነት የተሠራ መጎተቻ ዘንግ። 787 ሞተሩን የሚያስነሳው በኤሌክትሪክ ነው፤ ለሌሎች አውሮፕላኖች የሚያገለግለው የአየር ማስነሻ መሣሪያ አይረዳውም። የራሱ ረዳት ሞተር ከተበላሸ ከአንድ በላይ ባለ 90 ኪሎ ቮልት አምፒር በመሬት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ምንጭ ይፈልጋል። ሎደሩም አንድ ብቻ ሆኖ ከተበላሸ የ290 መንገደኛ ሻንጣ የሚወርድበት ሌላ መንገድ የለም፤ ሁለተኛ ሎደር ቅንጦት አይደለም።

ተርሚናሉ ላይ የሚያስቸግረው የዓመቱ ብዛት ሳይሆን የአንዱ ሰዓት ጭንቅንቅ ነው። 290 ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ፓስፖርት ማየት ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 580 የሥራ ደቂቃ ነው፤ አራት መስኮት ካለ የመጨረሻው ሰው 145 ደቂቃ ይቆማል፤ አሥር ካለ 58 ደቂቃ። በመውጫው በኩል መንገደኛ በአማካይ 1.3 ሻንጣ ቢያስረክብ 377 ሻንጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተፈትሾ መጫን አለበት። በመጠበቂያው አዳራሽ ለአንድ ሰው 1.5 ካሬ ሜትር ቢሰጥ 435 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ 737 አብሮ እየተሳፈረ ከሆነ ወደ 700 ካሬ ሜትር ይቀርባል። ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን፣ የጤናና የእፅዋት ቁጥጥር ሰው የሚመድበው መንግሥት እንጂ ኤርፖርቱ አይደለም፤ ይህ ስምምነት ከግንባታው በላይ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል መጀመሪያ መጀመር አለበት።

አየሩ ሲከፋ ምን ይሆናል የሚለውም አለ። ትክክለኛ የማረፊያ መመሪያ ያለው መንደርደሪያ ከሌለ፣ ደመና ዝቅ ባለ ቁጥር ከሩቅ የመጣው በረራ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። አየር መንገዱም ይህን ስለሚያውቅ የበለጠ መጠባበቂያ ነዳጅ ይጭናል፤ የተጨመረው ነዳጅ ደግሞ የመንገደኛና የጭነት ቦታ ይበላል። አማራጭ የሚሆነው ኤርፖርትም ይህንኑ አውሮፕላን መሸከም አለበት።

ለእርስዎ ሁኔታ በቁም ነገር እንዲያዩት የምመክረው ኤርባስ ኤ321 ኤክስኤልአርን ነው። ከፍተኛ ክብደቱ 101 ቶን፣ አምራቹ የሚሰጠው የበረራ ርቀት 8,700 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኅዳር 2024 ከስፔኑ ኢቤሪያ አየር መንገድ ጋር ሥራ ጀምሯል። ክንፉ 35.8 ሜትር ስለሆነ 737 በሚቆምበት ስፍራ ይቆማል። የእሳት አደጋ ደረጃውም በ7 እንዳለ ይቀራል። የስምንት ሰዓት በረራ ነዳጁ ከመጠባበቂያው ጋር 24 ቶን ገደማ፣ ማለትም 30,000 ሊትር ነው፤ አንድ ቦቴ። 180 መንገደኛ ማለት ያው ከ737 ጋር የሚቀራረብ ሕዝብ ነው፤ ተርሚናሉ አይደነግጥም። የቀረው ፈተና አስፋልቱና መንደርደሪያው ናቸው፦ ክብደቱ ከ737-800 በ22 ቶን ገደማ ስለሚበልጥ ፒሲአሩ መረጋገጥ አለበት፤ ከፍታና ሙቀት ባለበት ደግሞ 2,200 ሜትር ለሙሉ ነዳጅ ላይበቃ ይችላል። በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ኤርፖርት ግን ተስፋ ያለው ስሌት ነው።

ገበያውን መጨረሻ ያደረግኩት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሁሉም ከተሟላ በኋላም የሚጥለው እሱ ነው። በየቀኑ የሚበር ባለ 290 መቀመጫ አውሮፕላን 80 በመቶ ሞልቶ ለመሄድ፣ መሄድና መመለሱ ተቆጥሮ፣ በዓመት 169,000 ገደማ መንገደኛ ይፈልጋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚበር ባለ 180 መቀመጫ ግን 45,000 ገደማ ይበቃዋል። ትልቅ ኤርፖርት ወንበሩን የሚሞላው ከሌላ በረራ በሚመጡ የትራንዚት መንገደኞች ነው፤ ትንሽ ኤርፖርት ይህ የለውም። ስለዚህ የሚቻለው ሌላኛው ጫፍ ማዕከል ሲሆን ነው። ከብሪስቶል ወደ ኒዋርክ ኮንቲኔንታል አየር መንገድ በቦይንግ 757 ከ2005 እስከ 2010 በርሯል፤ ኒዋርክ የኮንቲኔንታል ማዕከል ስለነበር ከዚያ ወደ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች መሸጋገር ይቻል ነበር። በሌላ በኩል ኖርዌጂያን አየር መንገድ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ካለው ስቱዋርት ኤርፖርት ወደ አውሮፓ በ2017 ጀምሮ በ2019 አቆመ። የቀድሞ የጦር ሠፈር የነበረው ይህ ኤርፖርት ከ3,600 ሜትር የሚበልጥ መንደርደሪያ ነበረው። በመስመሮቹ ላይ ይበር የነበረው የ737 ማክስ መታገድ ጎድቷቸዋል፤ ኩባንያው ራሱ ግን አዋጭ አይደሉም ብሎ ነው የዘጋቸው። የስሪላንካው ማታላ ኤርፖርት ደግሞ በመጋቢት 2013 በ3,500 ሜትር መንደርደሪያ ተከፈተ፤ የአገሪቱ አየር መንገድ በጥር 2015 ጥሎት ወጣ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። የአካባቢው ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚጀምሩት ከየትኛው ኤርፖርት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ በየትኛው ወር እንደሚበዙ፣ ምን ያህል እንደሚከፍሉ የሚያሳይ የቲኬት መረጃ ይግዙ። ከዚያ ማዕከሉ በዚያ አቅጣጫ ያለ፣ ተስማሚ አውሮፕላን ያለው ሁለት ወይም ሦስት አየር መንገድ ይምረጡ። ለእነሱ የበረራ አቅም ክፍል የሚላከው ሰነድ ቀጭን ቢሆንም ትክክለኛ ይሁን፦ ለመነሻና ለማረፊያ የታወጁት ርቀቶች በየአቅጣጫው፣ የመሰናክል ካርታው፣ በ«ቲ» የተገመገመ ፒሲአር፣ የአምስት ዓመት የየሰዓቱ ሙቀትና ነፋስ፣ የእሳት አደጋው ደረጃና የሥራ ሰዓቱ፣ የነዳጅ ክምችትና ዋጋ። እነሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በየወሩ ስንት ቶን ይዘው እንደሚነሱ ሊነግሩዎ ይችላሉ። ከሚፈለገው ክብደት የጎደለው 5 ቶን ከሆነ የመነሻ ሰዓቱን ይደራደሩ፤ 25 ቶን ከሆነ ስለ ማራዘም ያን ጊዜ ይነጋገሩ፤ መንደርደሪያው ስንት ሜትር መሆን እንዳለበትም ከ3,000 ይልቅ እነሱ የሚሰጡትን ቁጥር ይያዙ።